የሚስተካከል ዕቃ፣ የማያስተካክል ሰው

«ስንት ጣት ይሁንልህ?»

ይህችን ጥያቄ የሰማኋት ልብስ ሰፊ ዘንድ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጠያቂው መካኒክ፣ ተጠያቂው የእህቴ ልጅ፣ የሚለካው ደግሞ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ነው። መካኒኩ ጣቶቹን አስገባና «አሁን አራት ጣት ነው፤ ሁለት ላድርግልህ?» አለ። ልጁ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። በግራ በኩል የለካው አለቃው ነው፤ በቀኝ በኩል የለካው ተለማማጁ። አለቃው ጣቱ እንደ ሙዝ የወፈረ ሰው ነው፤ ተለማማጁ ደግሞ እንደ እርሳስ የቀጠነ ልጅ። እንግዲህ ሁለት ጣትና ሁለት ጣት እኩል ነው ብላችሁ ፍረዱ!

እኔ ያን ዕለት ሳቅሁ። ዛሬ አልስቅም። ለምን እንደማልስቅ ልንገራችሁ።

መኪናዋ የእህቴ ቪትዝ ናት። ቪትዝን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ቡናን ለጅማ ሰው እንደ ማስተዋወቅ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣት፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ለ2000 «የዓመቱ መኪና» የሚለውን ማዕረግ ያገኘች ትንሽዬ መኪና ናት። እኛ ዘንድ ግን ማዕረጓ ከዚያ ይበልጣል። የደመወዝተኛው ጎጆ መውጫ፣ የራይድ ሹፌሩ እንጀራ፣ የጡረተኛው ኩራት ናት። እህቴም ዕቁብ ጥላ፣ ከባንክ ተበድራ፣ ከወንድሞቿ ለምና የገዛቻት ናት። ጊዜው ደግሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከመውጣቱ በፊት ነበር። ያ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ይህች አሮጌ ቪትዝ ብትሞት እህቴ ሌላ አትገዛም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጇ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ጓደኛው ከሻርጃ ያገለገለ «ኮይልኦቨር» አመጣለት። «ጋሼ፣ መኪናዋን ዝቅ ላደርጋት ነው፤ ጋራዥ አብረኸኝ ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። የሥራውን ዋጋ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። «ቶሎ በሉልን፣ ማታ እናቱ ትፈልጋታለች» ብዬ ያጣደፍኩትም እኔው ነኝ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገብተን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ከአያቴ የሰማሁት እኔ፣ ሮጬ አስታጠቅሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። መኪና የምትቀመጠው በሞላ ላይ ነው። ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጉድጓድ በመታች ቁጥር ፍራሽ ላይ እንደሚዘል ሕፃን ስትነጥር ትውል ነበር። ያንን ንጥረት የሚያበርደው አሞርዛተር ነው። በቪትዝ የፊት እግር ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተሰክተው ነው የሚገኙት። ይህ አሠራር በአሜሪካዊው መሐንዲስ ስም ማክፈርሰን ይባላል፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዝ አገር ባወጣቸው መኪኖች ላይ ከተጠቀመበት ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። እዚህ አሠራር ላይ አሞርዛተሩ ማብረጃ ብቻ አይደለም፤ ጎማውን አቁሞ የሚይዝ ምሰሶም ነው። በኋላ እግር ግን ሞላው ለብቻው፣ አሞርዛተሩም ለብቻው ነው።

ኮይልኦቨር የሚሉት ዕቃ ልዩነቱ አካሉ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። የሞላው መቀመጫ በዚያ ጥርስ ላይ በቀለበት ይወጣል ይወርዳል፤ መኪናዋም አብራ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሻል ያለው ዓይነት የታችኛው መያዣውም በጥርስ የሚሽከረከር ስለሆነ፣ ሞላውን ሳይነኩ ቁመቱን መለወጥ ይቻላል። አናቱ ላይ ደግሞ የአሞርዛተሩን ጥንካሬ የምትለውጥ ትንሽ መዘውር አለች፤ ስትዞር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። እንግዲህ ይህ ዕቃ ሁለመናው «አስተካክሉኝ» የሚል ነው። የተሠራው ለመስተካከል ነው። የተገዛውም በዚያ ዋጋ የተገዛው ስለሚስተካከል ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ቀለበቷ የምትዞርበት የራሷ ቁልፍ አላት፤ አልነበረንም። ስለዚህ በመዶሻና በስሚንቶ መሰንጠቂያ ብረት እየተቀጠቀጠች ዞረች። የመዘውሯን ጠቅታ የቆጠረ የለም፤ «ጠንካራ ይሻላል» ተብሎ አራቱም እስኪበቃቸው ተጠመዘዙ። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ጉድ መጣ። የፍሬኑን ጎማ ቱቦ አሞርዛተሩ ላይ የምታስረው ቡሎን በአዲሱ ዕቃ ላይ ቦታዋ አልገጥም አለች። ተለማማጁ አለቃውን ጠየቀ። አለቃው ከሌላ መኪና ሥር ሆኖ «በሽቦ ያዛት!» አለ። ተያዘች። በስተቀኝ በኩል። በቀጭኑ ጣት በኩል።

ስድስት ሳምንት ሆናት። እህቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርድ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት፣ ፍሬን ረገጠች። ፔዳሉ ወደ ታች ሄደ። ደጋግማ ረገጠች፤ ትንሽ ያዘ፣ ግን መኪናዋ አልቆመችም። የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ቀኝ ጎማዋን ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር እያፋጨች አቆመቻት። ከፊቷ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መንገድ እያቋረጡ ነበር። አንዷ ተማሪ የመኪናዋን ኮፈን በእጇ እንደነካችው እህቴ ነግራኛለች። ኮፈኑን በእጇ! ከዚያ በላይ መቅረብ ሌላ ስም አለው።

መሪው ሙሉ በሙሉ በዞረ ቁጥር ጎማው በሽቦ የተያዘውን ቱቦ ሲፍቀው ከርሞ በመጨረሻ በስቶታል። ዘይቱ ፈሰሰ። ደግነቱ የዚህ ዘመን መኪና ፍሬን በሁለት መስመር የተከፈለ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል። ያን ዕለት የልጆቹን ነፍስ ያተረፈው የጃፓን መሐንዲስ ጥንቃቄና የእህቴ ብልሃት ነው። የእኛ አንዳች አስተዋፅኦ የለበትም።

ማታውኑ ሽምግልና ተቀመጥን። ሁሉም ልጁ ላይ ወረደበት። «ዱርዬነት ነው!» «የዘንድሮ ልጅ መኪናን መጫወቻ አደረገው!» «መንግሥት ይህን ነገር መከልከል ነበረበት!» ከሁሉም በላይ የጮኹት ጎረቤታችን፣ የተከበሩ ጡረተኛ ናቸው። «ልጄ፣ ፋብሪካው የሠራውን ነገር አትንካ! ከጃፓን ታውቃለህ?» አሉት።

እኔም አቀርቅሬ ሰማሁ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ግን የእኚህ የተከበሩ ሰው መኪና በራቸው ላይ ቆማለች። እሷም ቪትዝ ናት። እሷም ፋብሪካው እንደሠራት አይደለችም። ጉብታና ጉድጓድ ሆዷን እንዳይመታት ተብሎ ከአሞርዛተሮቿ አናት ላይ ስፔሰር ገብቶላት፣ እግሯን እንደሰበሰበች ዶሮ ሳይሆን እንደቆመች ሰጎን ሆናለች። የፊት ጎማዎቿ ውስጥ ውስጣቸው ተበልቷል። ከፍ ካደረጓት በኋላ አላይመንት አሠርተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ምን ያደርግልኛል? መሪው አይጎትትም» አሉኝ።

ጎበዝ! ልብ አድርጉልኝ። ልጁ ዝቅ አደረገ፣ ሽማግሌው ከፍ አደረጉ። አንዱ ዱርዬ ተባለ፣ አንዱ አስተዋይ። ከአቅጣጫው በቀር ልዩነታቸው የቱ ላይ ነው? ስፔሰር ሲገባ ሴሚያሱ ከልኩ በላይ ይታጠፋል፤ የመኪናዋ ክብደት ሽቅብ ይወጣና ኩርባ ላይ ትዘማለች። ዝቅ ሲባል ደግሞ ጎማው ወደ ላይ የሚወጣበት ርቀት ያጥራል፤ ታችኛው ክንድ፣ ብራቾ የሚሉት፣ ወደ ላይ ያጋድላል፤ ጎማው ወደ ውስጥ ይዘማል። በሁለቱም ጊዜ የጎማው አያያዝ ይለወጣል። በሁለቱም ጊዜ ልኬት ያስፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ አልተለካም። ታዲያ ፍርዱ ለምን ለየቅል ሆነ? ሽማግሌው ሲያጠፉ «ለችግር ነው» እንላለን፤ ወጣት ሲያጠፋ «ለጥጋብ ነው» እንላለን። ቱቦው ግን የጫነውን ሰው ዕድሜ ጠይቆ አይበጠስም።

«ይከልከል» የምትሉም ቆይ ስሙኝ። መከልከል ቀላሉ ነገር ነው፤ ጣት አስገብቶ ከመለካት የሚሻል ሥራ አይደለም። ኮይልኦቨሩን ብትከለክሉት ልጁ ምን ያደርጋል? ሰፈሩ ውስጥ እንዳየው ሞላውን በግራይንደር ያስቆርጣል። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ መቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በሥርዓቱ የተሠራ የሚስተካከል ዕቃ፣ በሥርዓቱ ከተገጠመ፣ ከዚያ እጅግ ይሻላል። ጥፋቱ ከዕቃው አይደለም። ዝቅታውም ለብቻው ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ «በሽቦ ያዛት» ነው።

በሥርዓቱ ሲባል ምን ማለት ነው? ከዚያ በኋላ ከመኝታዬ ሰዓት እየቀነስኩ አነበብኩ፤ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። ነገሩ የጠፈር ምርምር ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ የድሮው ዕቃ ሳይፈታ የአራቱም እግር ቁመት ይለካል፤ በሜትር፣ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። ከመሬት አይደለም፤ ጎማው ነፋሱ ቢቀንስ ልኬቱን ያበላሻልና። ይጻፋል። የአሞርዛተሩ የመካከል ዳዶ የሚፈታው ሞላው በመጭመቂያ ከተያዘ በኋላ ብቻ ነው፤ አለዚያ የታመቀው ሞላ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። አዲሱ ሲገባ ግራና ቀኙ ቀለበት እኩል ጥርስ ላይ ይሁን። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ በቦታቸው ይታሰሩ፤ ቦታ ካጡ ቦታ ይሠራላቸው። ከዚያ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞሮ፣ ጎማው አንዱንም እንደማይነካ በዓይን ይታይ። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ነገር ናት። ያቺ አንድ ደቂቃ ነበረች የጎደለችን።

ከዚያ መኪናዋ ከክሪክ ትወርዳለች፤ ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ትነዳለች፣ ሞላው እንዲቀመጥ። ደግሞ ትለካለች። የብራቾው ጎሚኒ ቡሎን የሚጠብቀው ጎማዎቹ መሬት ይዘው፣ የመኪናዋ ክብደት ሲያርፍባቸው ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከጠበቀ፣ ስትወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ በወራት ውስጥ ይሰነጠቃል። አላይመንት የሚሠራው ቁመቱ ካለቀለት በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ ቁመት በተነካ ቁጥር የጎማው አቅጣጫ ይለወጣልና። መዘውሯ ከጠንካራው ጫፍ ጀምሮ ጠቅታዋ እየተቆጠረ ትላላለች፤ ግራና ቀኝ እኩል። «ጠንካራ ይሻላል» የሚባለው ውሸት ነው። በኮብልስቶን ላይ ከልክ በላይ የጠነከረ አሞርዛተር ጎማውን ያዘልለዋል፤ የሚዘል ጎማ ደግሞ መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬን አይዝም። በመጨረሻ የፊት መብራቱ አቅጣጫ ይታያል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ተመልሶ ይለካል፤ ቡሎኖቹም እንደገና ይጠብቃሉ።

አሁን «ድሃ አገር ነን፣ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። ይህችን መልስ ካደግኩ ጀምሮ ስሰማት ነው የኖርኩት። እስቲ ከቆጠርኩት ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣው የትኛው ነው? ሜትር ነው? እያንዳንዱ አናጢ ኪሱ ውስጥ አለ። እስክሪብቶ ነው? መሪ ማዞር ነው? ጠቅታ መቁጠር ነው? አላይመንት ያስከፍላል፤ ግን ተበልቶ ከሚጣል አንድ ጎማ አይበልጥም። ድህነት ብዙ ነገር ይከለክላል፤ ሁለት ጎን እኩል መሆኑን ማየት ግን አይከለክልም። እንዲያውም የመለካት ግዴታ ያለበት ድሃው ነው። ሀብታሙ ቢሰበርበት ይለውጣል። እህቴ ግን፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፣ ቪትዟ ከሞተች ሌላ የላትም። መተኪያ የሌለውን ነገር በጣት የሚለካ ምን ዓይነት ድሃ ነው?

«መንገዱ ነው ጥፋቱ» የሚለኝም አለ። ዋና ዋናው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ቢሰፋና ቢለሰልስም የሰፈሩ ውስጥ መንገድ ዛሬም ያው መሆኑን አላጣሁትም። ግን መንገዱ መጥፎ ከሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው እንጂ፣ «መንገዱ መጥፎ ስለሆነ እኛም እንደ መንገዱ እንሁን» ማለት ከየት የመጣ ሕግ ነው?

መካኒኮቻችንን ለመስደብ እንዳልተነሳሁ ይታወቅልኝ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ ከምንም ነገር መኪና የሚያስነሱ፣ የሞተርን ሕመም በጆሮ የሚለዩ ባለ እጅ አሉን። ሙያውን ከጣሊያን ጋራዦች በተለማማጅነት ወረስነው፤ ቃሉም ዛሬ ድረስ አብሮን አለ። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ጎሚኒ፣ ቸርኬ እንላለን። ስሙን ወረስን፤ ደብተሩን ግን አልወረስንም። ዕውቀቱ ከአለቃ ወደ ተለማማጅ በጩኸት ይተላለፋል፤ ያውም ከመኪና ሥር ሆኖ። ያ ልጅ መጠየቁን አትርሱ! «አልገጥም አለች፣ ምን ላድርግ?» ብሏል። ከሁላችንም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። መልሱ ግን ሽቦ ሆነ። ነገ እሱም አለቃ ሲሆን ለተለማማጁ ሽቦ ያቀብላል።

ለዓመታዊው ምርመራ ስንሄድ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ለመኪናዋ ሳይሆን ለቦሎዋ ነው። ለዕለቱ ደህና ጎማ ተውሰን እናስገባለን፤ ማታ እንመልሳለን። ማንን እያታለልን ነው? መርማሪውን? መርማሪው እኮ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ አብሮን አይወርድም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንዲት ወረቀት ነው። ማንኛውም ጋራዥ የመኪና እግር በነካ ቁጥር ለባለቤቱ አንዲት ወረቀት ይስጥ፦ የአራቱ እግር ቁመት ከመነካቱ በፊትና በኋላ፣ የመዘውሩ ጠቅታ፣ የአላይመንቱ ውጤት፣ ቀኑ፣ የሠራው ሰው ስምና ፊርማ። ፊርማዋን አደራ! ስሙን የሚጽፍ ሰው በሽቦ አያስርም። ቢያስርም ሁለት ጊዜ ያስባል። ይህችን ወረቀት ለመጠየቅ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ከፋዮቹ እኛ ነን። ግን ከፋዩ «ቶሎ በልልኝ፣ ቀንስልኝ» ከማለት ሌላ ጥያቄ አያውቅም። እኔ ያን ዕለት ዋጋ ስከራከር ሰላሳ ደቂቃ አጠፋሁ። ሥራውን ለማየት አንድ ደቂቃ አላጠፋሁም። ስለዚህ ሽምግልናው ላይ ልጁ ሲወገዝ ያቀረቀርኩት በትሕትና አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ከልጁ ጋር እጅጌያችንን ሰብስበን ጀመርን። ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተር። የፊት ግራ 34 ሳንቲ ሜትር፣ የፊት ቀኝ 32 ከግማሽ። በወፍራም ጣትና በቀጭን ጣት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ለሳይንስ አበርክተናል። ሁለቱንም ወደ 35 አወጣናቸው። አዲስ ቱቦ ተገዛ፤ መያዣው በብየዳ ሳይሆን በልኩ ተቆርጦ በቡሎን ተሠራ። ያንን የሠራልን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ያው ተለማማጅ ነው። ጠርተነው መጣ። ሲጨርስ መሪውን እስከ ጥግ አዙረን ሦስታችንም በሆዳችን ተኝተን አየን። ከዚያ ወረቀቷን ሰጠሁትና «ፈርም» አልኩት።

«እኔ ነኝ የምፈርመው?» አለኝ።

«የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ስሙን በጥንቃቄ፣ እንደ ፈተና ወረቀት፣ እስከ አያት ጻፈ። ወረቀቷ ዛሬ እህቴ መኪና ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር ተቀምጣለች።

እናንተም ጋራዥ ሄዳችሁ «ስንት ጣት ይሁንልህ?» የሚል ከገጠማችሁ፣ ጣታችሁን ይዛችሁ ውጡ።